ምዕራፍ አምስት፦ ጥርስና ገመድ

ሁለት ወር የሞላው ቡችላ ወደ ቤት ሲገባ የመጀመሪያው ሰሞን ሳቅ በሳቅ ነው። የልጆችን ጣት ይነክሳል፣ የቀሚስ ጫፍ ይጎትታል፣ የቤት ጫማ ይዞ አልጋ ሥር ይገባል። ጎረቤት አይቶ «ይሄስ ጎበዝ ጠባቂ ይወጣዋል!» ይላል። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ያው ቡችላ ሃያ ኪሎ ይመዝናል፤ ጥርሱም ተለውጦ ጠንክሯል። የሚያደርገው ግን ያንኑ የለመደውን ነው። ትናንት ያሳቀው ነገር ዛሬ ዱላ ያመጣበታል። ሕጉን የለወጥነው እኛ ስለሆንን ውሻው ምን እንዳጠፋ አያውቅም።

ቡችላ ጥርሱን ሰው ላይ እንዳያሳርፍ ማስተማርና ገመድ ሳይጎትት እንዲሄድ ማስተማር የተለያዩ ሥራዎች ይመስላሉ። ሁለቱም ግን በአንድ መሠረት ላይ የቆሙ ናቸው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት የሚነገረው ሰው ለጥቅሙ ሲያደላ ቢሆንም፣ ስለ ውሻው ራሱም እውነት ነው። ውሻ የጠቀመውን ይደግማል፣ ያልጠቀመውን ቀስ በቀስ ይተዋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1898 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የተራቡ ድመቶችን በሳጥን ውስጥ ዘግቶ፣ ምግቡን ከውጭ አስቀምጦ ይህንኑ አሳይቷል። ድመቶቹ መጀመሪያ ላይ ሲቧጥጡና ሲታገሉ ቆይተው በአጋጣሚ መውጫውን ይከፍታሉ። ሙከራው በተደጋገመ ቁጥር የማይጠቅመው መቧጠጥ እየቀረ፣ በሩን የሚከፍተው እንቅስቃሴ እየፈጠነ ሄደ።

ስለዚህ ቡችላዎ የማይወዱትን ነገር ባደረገ ቁጥር «እንዴት ልቅጣው?» ከማለትዎ በፊት «ይህን ሲያደርግ ምን አገኘ?» ብለው ይጠይቁ።

ለምን ይነክሳል?

ቡችላ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ የወተት ጥርስ ያበቅላል። ቁጥራቸው 28 ሲሆን ቀጫጭንና እንደ መርፌ የሾሉ ናቸው። ወደ አራት ወር ሲጠጋ መርገፍ ይጀምራሉ፤ በስድስትና በሰባት ወር መካከል ደግሞ 42ቱ ቋሚ ጥርሶች ቦታቸውን ይይዛሉ። በዚህ ጊዜ ድዱ ስለሚያሳክከውና ስለሚያመው ያገኘውን ሁሉ ያኝካል።

ነገር ግን የሰው እጅ የሚነክሰው ድዱ ስላሳከከው ብቻ አይደለም። ቡችላ ከወንድሞቹና ከእህቶቹ ጋር የሚጫወተው በአፉ ነው። አንዱ ሌላውን አጥብቆ ሲነክስ የተነከሰው ይጮኽና ጨዋታውን ያቆማል። እናትየውም ጡቷ ሲነከስ ተነሥታ ትሄዳለች። ነካሹ ጨዋታውንም ወተቱንም ያጣል ማለት ነው። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ቡችላው የመንጋጋውን ኃይል መጠን ይማራል፤ ምን ያህል ቢነክስ ጨዋታው እንደሚቀጥል፣ ምን ያህል ቢነክስ እንደሚቋረጥ ይለያል።

ለዚህ ትምህርት ጊዜ ያስፈልጋል። ቡችላ ቢያንስ ስምንት ሳምንት እስኪሞላው ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ቢቆይ የሚመከረውም ለዚህ ነው። በአንድ ወሩ ከእናቱ ተነጥቆ የተሸጠ ቡችላ ትምህርቱን ሳይጨርስ ስለሚመጣ ንክሻው ይበረታል፤ የቀረውን ክፍል ማስተማር የገዢው ዕዳ ይሆናል። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ባር ሃርበር በሚገኘው የጃክሰን ላቦራቶሪ ለዓመታት ውሾችን አጥንተው በ1965 እ.ኤ.አ. ውጤቱን በመጽሐፍ አውጥተዋል። ቡችላ ማኅበራዊ ኑሮን በቀላሉ የሚቀበልበት ጊዜ ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ መሆኑን ያሳዩት እነሱ ናቸው። ከዚያ በኋላም ውሻ ይማራል፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ግን ይጨምራል።

መጀመሪያ ቀስ ብሎ መንከስ፣ ከዚያ አለመንከስ

እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ኢያን ደንባር ለቡችላ ባለቤቶች የሚሰጠው ምክር መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል። ቡችላው ጨርሶ እንዳይነክስ ከመከልከል በፊት ቀስ ብሎ መንከስን እንዲማር ማድረግ ይሻላል ይላል። ምክንያቱን ሲያዩት ግን አሳማኝ ነው። የትኛውም ውሻ ፈጽሞ አይነክስም ተብሎ አይማልለትም። አንድ ቀን ሕፃን ጅራቱን ይረግጠዋል፣ ወይም ቆስሎ ሳለ ሰው ይነካዋል። በዚያች ቅጽበት ጉዳቱን ትንሽ ወይም ትልቅ የሚያደርገው በቡችላነቱ የመንጋጋውን ኃይል መቆጣጠር መማሩ ነው።

በተግባር እንዲህ ያድርጉ። ከቡችላው ጋር ሲጫወቱ አጥብቆ ከነከሰዎት እጅዎን አይንጠቁት። የሚሸሽ ነገር ለውሻ አደን ነው፤ ስለዚህ መንጠቁ ጨዋታውን ያሞቀዋል። እጅዎን ያዝሉት፣ «ውይ!» ብለው ድምፅ ያሰሙና ጨዋታውን ያቁሙ። ተነሥተው ጀርባዎን ይስጡት፣ ግማሽ ደቂቃ ያህልም አይዩት፣ አያናግሩት። ከዚያ ተመልሰው ይጫወቱ። አንዳንዱ ቡችላ የሰው ጩኸት ሲሰማ ጭራሽ ይብሳል። የእርስዎም እንዲህ ከሆነ ድምፁን ይተዉትና ዝም ብለው ይነሡ። ተከትሎ እግርዎን ከያዘ ከክፍሉ ወጥተው በሩን ይዝጉ። ቡችላው የሚማረው ከድምፁ ሳይሆን ጨዋታውን ከማጣቱ ነው።

የሚያሳምመው ንክሻ እየቀረ ሲሄድ ደንቡን ያጥብቁ። መጀመሪያ የሚያቆስለውን ብቻ ነበር የማይፈቅዱት፤ ቀጥሎ ጫን የሚለውንም አይፍቀዱ፤ በመጨረሻ ጥርስ ቆዳ በነካ ቁጥር ጨዋታው ይቁም። ሥራው የሳምንታት እንጂ የቀናት አይደለም፤ ቋሚ ጥርሱ እስኪወጣ ድረስ ግን ማለቅ አለበት።

መከልከል ብቻውን ግን አይበቃም። ቡችላው መንከስ ስላለበት የሚነክሰውን ነገር ይስጡት። ጠንካራ የጎማ መጫወቻ ወይም በደንብ የተቋጠረ ወፍራም ጨርቅ ይሆናል። ጨርቁን በውኃ ነክረው ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያቆዩት የሚያሳክክ ድድ ያስታግሳል፤ ሲያኝክ ግን ጨርቁን ቀዶ እንዳይውጠው ይጠብቁት። አሮጌ ጫማ አይስጡት፤ እሱ አሮጌውን ከአዲሱ አይለይም። የተቀቀለ ወይም የተጠበሰ አጥንትም ተሰነጣጥቆ አንጀቱን ሊወጋ ስለሚችል ይቅርበት።

ጥርሱን ሳያሳርፍ እጅዎን ሲልስ፣ ወይም ከመዝለል ይልቅ ቁጭ ሲል ደግሞ ወዲያው «ጎሽ!» ይበሉና ትንሽ ጉርሻ ይስጡት። «ጎሽ» አጭር ቃል ናት፣ የምትባለውም ለምስጋና ብቻ ስለሆነ ቡችላው ቶሎ ይለያታል። መዘግየት ግን አያዋጣም። ቁጭ ካለ ከአምስት ሴኮንድ በኋላ ቢሸልሙት፣ እስከዚያ ተነሥቶ መሬት እየቧጠጠ ሊሆን ስለሚችል የተሸለመው ለመቧጠጡ ይመስለዋል።

ሲመሽ ያለምክንያት የሚያብድ፣ ከወዲያ ወዲህ እየሮጠ ያገኘውን የሚነክስ ቡችላ ብዙ ጊዜ የደከመ ነው። በዚህ ዕድሜ በቀን ከ18 እስከ 20 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል፤ ልጆች ቀኑን ሙሉ ሲያንገላቱት የዋለ ግን ይህን አያገኝም። እንዲህ ሲሆን ጸጥ ያለ ጥግ ወስዶ ማስተኛት ከተግሣጽ ይልቅ ይሠራል።

ልጆችም ትምህርት ያስፈልጋቸዋል። ቡችላ ሲነክሳቸው እየጮኹ ይሮጣሉ፤ ለእሱ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ጨዋታ የለም። እጅ አጣምረው ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ያስለምዷቸው። ትንሽ ልጅንና ውሻን ግን፣ ውሻው የቱንም ያህል ጨዋ ቢሆን፣ ብቻቸውን አይተዉ። ደንቡን ቤተሰቡ በሙሉ፣ የቤት ሠራተኛዋና የግቢው ጥበቃ ጭምር ይወቁት። አምስት ሰው የከለከለውን አንድ ሰው ከፈቀደ ቡችላው ያንን አንዱን ተስፋ አድርጎ አምስቱንም መሞከሩን ይቀጥላል።

ስለ ዱላ

አፍንጫውን መምታት፣ አፉን ጨምቆ መያዝ፣ በጀርባው አንጋሎ መጫን «ማን አለቃ እንደሆነ ለማሳየት» እየተባለ በየቦታው ይመከራል። ሐሳቡ የመጣው ከተኩላ ነው። ሩዶልፍ ሼንክል የተባለ ተመራማሪ በ1947 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ በአንድ አጥር ውስጥ የተዘጉ ተኩላዎች ለአለቅነት እንደሚፋለሙ ጽፎ ነበር። አሜሪካዊው የተኩላ ተመራማሪ ዴቪድ ሜክ በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ ሐሳቡ ይበልጥ ተሰራጨ። ሜክ ግን ተኩላዎችን በዱር ለዓመታት ከተከታተለ በኋላ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ አቋሙን አስተካከለ። የዱር ተኩላ መንጋ ብዙውን ጊዜ አባት፣ እናትና ልጆች ያሉበት ቤተሰብ ነው፤ «አለቆቹ» ወላጆቹ ናቸው፤ ቦታቸውንም ያገኙት በፍልሚያ ሳይሆን ልጅ በመውለድ ነው።

የተመታ ቡችላ ከሁለት ነገር አንዱን ይማራል። ወይ የሰው እጅ አስፈሪ መሆኑን ይማርና እጅ ሲዘረጋ ባየ ቁጥር ይሸማቀቃል፣ ካደገ በኋላም ራሱን ለመከላከል ይነክሳል። ወይ ደግሞ ማጉረምረሙን ይተዋል። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። እያጉረመረመ የሚመታ ውሻ ማስጠንቀቂያውን ይተውና ሳያሰማ የሚነክስ ይሆናል።

ሳይነሣ የማይታለፍ ጉዳይ

የእብድ ውሻ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ዛሬም ሰው ይገድላል። በዓለም ዙሪያ በዚህ በሽታ ከሚያዘው ሰው 99 በመቶ ያህሉ የሚያዘው ከውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም፤ ምልክቱ ሳይታይ በጊዜ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል። ቡችላም በሽታውን ሊይዝና ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ ያልተከተበ ቡችላ በጨዋታ መካከልም ቢሆን ቆዳ ከሸረከተ ቁስሉን በብዙ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠቡና ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ይሂዱ። ቡችላውን ደግሞ ሦስት ወር ሲሞላው ያስከትቡት፤ ቀጣዩን ክትባት መቼ እንደሚወስድ ሐኪሙ ይነግርዎታል።

ጉርሻው ላይም ጥንቃቄ ያሻል። በበዓል እርድ ጊዜ ጥሬ ጉበትና ሳንባ ለውሻ መወርወር በየቤቱ የተለመደ ነው። በውስጡ የውኃ ከረጢት የያዘ የበግ ወይም የከብት ጉበት ግን ኢኪኖኮከስ የሚባለውን ጥገኛ ትል ወደ ውሻው ያስገባል። የትሉ እንቁላል ከውሻው ዐይነ ምድር ወደ ሰው ሲተላለፍ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ተመሳሳይ ከረጢት ያበቅላል። በደንብ ተቀቅሎ እንደ ባቄላ ፍሬ ተቆራርጦ የሚሰጥ ጉበት ግን ከሁሉ የሚበልጥ ሽልማት ነው። ጾም በሚጠበቅበት ቤት የተቀቀለ ድንች ወይም የካሮት ቁራሽ ይበቃል። ሽንኩርት፣ ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብ ለውሻ መርዝ ናቸው።

ገመዱ

ውሻ ገመድ የሚጎትተው በተፈጥሮው ከሰው ስለሚፈጥን ነው፤ መጎተት ልማድ የሚሆንበት ግን መጎተቱ ወደሚፈልገው ስለሚያደርሰው ነው። አጥር ሥር ያለ ሽታ ይስበዋል፣ ይጎትታል፣ ባለቤቱ ይከተለዋል፣ ሽታው ጋ ይደርሳል። መጎተቱ ተከፈለው ማለት ነው። በቀን ሃያ ጊዜ የተከፈለው ሥራ ደግሞ በቁጣ አይቀርም።

ዕቃው ቀላል ይሁን። ቀጭንና ጠንካራ ገመድ፣ ሁለት ሜትር የማይሞላ፣ ለቡችላ ይበቃል። ሰንሰለት ከባድ ነው፣ እጅም ይቆርጣል። በሚጎትት ቡችላ ላይ የአንገት ማሰሪያ ጉሮሮውን ያንቀዋል፣ በዐይኑ ውስጥ ያለውንም ግፊት ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ገና በሚማርበት ጊዜ ደረቱን አቅፎ የሚይዝ ማሰሪያ ይሻላል። እየተሳበ የሚረዝመው ባለ መጠቅለያ ገመድ ለጀማሪ አይሆንም፤ ውሻው በጎተተ ቁጥር ስለሚረዝምለት መጎተት እንደሚያዋጣ ያስተምረዋል።

ሥልጠናው ከግቢ አይውጣ። ፓርቮ የሚባለው ገዳይ የቡችላ በሽታ በመንገድ አፈር ላይ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ፣ ክትባቱን ሳይጨርስ ቡችላውን ብዙ ውሻ በሚያልፍበት መሬት ላይ ማስኬድ አደጋ አለው። ይህ ማለት ግን ዓለምን አይይ ማለት አይደለም። አቅፈው መንገድ ዳር ይቁሙ፤ ባጃጁን፣ ጃንጥላ የያዘውን ሰው፣ የደወሉን ድምፅ በዚሁ ዕድሜው ይልመደው።

መጀመሪያ ማሰሪያውን ምግብ ሊበላ ሲል ያድርጉለትና በልቶ ሲጨርስ ያውልቁለት። ሲለምደው ገመዱን ያያይዙና እያዩት መሬት ለመሬት እየጎተተ ይዙር። ከዚያ ጫፉን ይያዙ። አንድ እርምጃ ይራመዱ፤ አብሮዎት ከመጣ «ጎሽ!» ብለው ጉርሻውን ከጭንዎ አጠገብ ይስጡት። የሚሰጡበት ቦታ ወሳኝ ነው። ከፊትዎ ከሰጡት ከፊትዎ መሄድ ይማራል፤ ከጎንዎ ከሰጡት ጎንዎን ይወዳል። አንዱን እርምጃ ወደ ሦስት፣ ሦስቱን ወደ አሥር እያሳደጉ ይሂዱ። አሥር ደቂቃ ለአንድ ጊዜ ትምህርት ይበቃል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሕግ አንድ ብቻ ነው፦ ገመዱ ሲላላ ጉዞ አለ፤ ሲወጠር ጉዞ የለም። ሲጎትት ይቁሙ። መልሰው አይጎትቱት፤ ሲጎትቱት እሱም በተቃራኒው ይታገላል። ዞር ብሎ ሲያይዎት ወይም አንድ እርምጃ ተመልሶ ገመዱ ሲላላ «ጎሽ!» ብለው ይቀጥሉ። እልኸኛ ከሆነ ወደኋላ ተመልሰው በሌላ አቅጣጫ ይሂዱ። ሊያሸት የፈለገውን አጥር ራሱን ሽልማት ማድረግም ይቻላል፤ ሳይጎትት አምስት እርምጃ ከሄደ «ሂድ አሽት» ይበሉት። ማሽተት ለውሻ ትልቁ የመንገድ ደስታ ነውና ያንን እየነፈጉ ጨዋ ሁን ማለት ግፍ ነው።

አንዳንዱ ቡችላ ገመዱን ራሱን ይነክሳል። ባለቤቱ ሲጎትት እሱም ይጎትታል፤ ያው ጨዋታ ሆነ። ገመዱን አላልተው ይቁሙ፣ እስኪተወው ይጠብቁ፣ ወይም መጫወቻ አሳይተው ያስለውጡት።

የቸገረ ቀንም ይመጣል። ከስድስት ወር በኋላ ውሻ ወደ ጉርምስና ሲገባ የተማረውን የረሳ መስሎ ይጎትታል። ትምህርቱ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ወደ ቀላሉ ደረጃ ተመልሰው ይድገሙለት።

በመንገድ ላይ ያለ ጨዋነት

በእኛ ከተሞች ውሻ ይዞ የሚሄድ ሰው ሁለት ዓይነት ፈተና ይገጥመዋል። አንዱ የጎዳና ውሻ ነው። ከሩቅ ሲያዩት መንገድ ይቀይሩ፤ ገመዱን ግን ወጥረው አይያዙ፤ የተወጠረ ገመድ የያዙትን ውሻ ያስቆጣዋል። ሌላው ፈተና ሰው ነው። ውሻ የሚፈራ ብዙ ነው። ነጠላዋን ለብሳ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ እናት በውሻ መነካትን አትፈልግም፤ ለሶላት ውዱእ አድርጎ ወደ መስጊድ የሚሄድ ሙስሊምም የውሻ ምራቅ እንዳይነካው ይጠነቀቃል። ሰው ሲመጣ ገመዱን ያሳጥሩ፣ በውሻውና በመንገደኛው መካከል ራስዎ ይግቡ፣ ውሻዎንም ቁጭ ያድርጉት። «አይነክስም» ማለት ለፈራ ሰው ምንም አያጽናናውም።

ሕግም አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ደንግጓል፤ እንስሳው አምልጦ ባደረሰው ጉዳትም ቢሆን ባለቤቱ አይድንም። ኒውዮርክ የሚኖር ወገናችን ደግሞ ውሻውን ይዞ ሲወጣ ገመዱ ከ6 ጫማ፣ ማለትም ከ1 ሜትር ከ80 ገደማ፣ እንዳይበልጥ የከተማው ደንብ ያስገድደዋል።

የሚናከስ ውሻ ጥሩ ጠባቂ ነው?

ብዙዎቻችን ቡችላ የምናሳድገው ግቢ እንዲጠብቅልን ነው፤ በዚህም የተነሣ «አለዝቤ ካሳደግሁት ማን ይጠብቀኛል?» የሚል ስጋት አለ። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት አስሮ ማታ መልቀቅም የመጣው ከዚሁ ሐሳብ ነው። የታሰረ ውሻ የሚሸሽበት ስለሌለው የቀረበውን ሁሉ በጥርሱ ማባረር ይለምዳል። እንዲህ ያለ ውሻ ሌባን ከእንግዳ፣ እንግዳን ከጎረቤት ልጅ አይለይም። ሰንሰለቱ የተበጠሰ ዕለት መጀመሪያ የሚጎዳውም አብዛኛውን ጊዜ በቅርብ ያለው ሰው ነው።

ከጠባቂ ውሻ የሚፈለገው ድምፁ ነው። ሌባን የሚያስደነግጠውም ባለቤቱን የሚቀሰቅሰውም ጩኸቱ እንጂ ንክሻው አይደለም። ሰው የለመደ፣ ጥርሱን የሚቆጣጠር፣ በገመድ ተይዞ በሰላም የሚሄድ ውሻም እንግዳ ሲመጣ ይጮኻል፤ «ተው» ሲባል ደግሞ ይሰማል። ስለዚህ ቡችላዎን ዛሬውኑ ያስተምሩት። እያንዳንዷን ንክሻና እያንዳንዷን ጉተታ ምን እንደሚከፍሏት አስበው ይክፈሉ፤ ውሻዎ ነገ የሚሆነው ዛሬ የከፈሉትን ነው።